ከፕላስተሩ በታች

መጋረጃው በማይገለጥ ክፍል ውስጥ ስትሠራ ስለኖረች የሆስፒታሉ ሰዎች «ጨለማዋ» ይሏታል። በክፋት አይደለም፤ እሷም ትስቅበታለች። የማትስቅበት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ፕላስተር። ያ ለቁስል የሚለጠፈው ተራ ነጭ ፕላስተር።

ነገሩ የሚጀምረው ከማሽኑ ነው። አልትራሳውንድ ድምፅ ወደ ሰውነት ይልክና ሲመለስለት ያዳምጣል፤ ከሚመለሰውም ሥዕል ይሠራል። ድምፁ ታዲያ እንደ ሰው መንገድ ያደክመዋል። ከቆዳ ሥር ደርሶ የሚመለሰው ብርቱ ነው፤ እስከ ጉበት ጀርባ ወርዶ የሚመለሰው ግን ትንፋሹ አልቆ ነው የሚደርሰው። ለዚህ ሲባል ማሽኑ ላይ ስምንት ተንሸራታች ቁልፎች ከላይ ወደ ታች ተደርድረዋል፤ የላይኛው ለቅርቡ፣ የታችኛው ለጥልቁ። የታችኞቹን ወደ ቀኝ ሲገፏቸው ከጥልቅ የመጣው ደካማ ድምፅ ይጎላል፤ ጨልሞ የነበረው ይታያል። ቀጭን ሰው ሲተኛ ትንሽ፣ ወፍራም ሰው ሲተኛ ብዙ መግፋት ነው። ጨለማዋ ይህን በጣቶቿ ታውቀዋለች፤ ቁልፎቹን የምታንቀሳቅሰው ሳታያቸው ነው።

የክፍሉ አለቃ የነበረው ዶክተር ግን ሥርዓት ወዳድ ነበር። «ሁላችሁም እንዳሻችሁ ስትነካኩት የአንዱ ሥዕል ከሌላው አይመሳሰልም» አለና፣ አንድ ቀን ቁልፎቹን ለራሱ ዓይን ባማረው መንገድ አሰልፎ ከላይ እስከ ታች ፕላስተር ለጠፈባቸው። በፕላስተሩ ላይ በእስክሪብቶ «አይነካም» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሠራተኛው እሱ በሌለበት «ዶክተር ፕላስተር» ይለው ጀመር። ሥዕሎቹስ ተመሳሰሉ፤ የወፍራም ሰዎች ሁሉ የታችኛው ግማሽ እኩል ጥቁር ሆነ።

እሷ በምትኖርበት ሰፈር ዳቦ ቤት የነበረው ጋጋሪ ጎኑን አሞት የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ፣ ጠዋት ስታልፍ «የእኔ እህት፣ ትኩሱን ልስጥሽ» የሚላት ሰው ነበር። አስተኛችው፤ አየችው፤ የጉበቱ ጥልቅ ክፍል ድፍን ጨለማ። ወደ አለቃዋ ሮጠች።

«ዶክተር፣ የታችኞቹን ሦስቱን ብቻ ልግፋቸው። ምንም አይታየኝም።»

«የተጻፈውን አታነቢም?»

«አነባለሁ። ግን ሰውየው ወፍራም ነው፣ ድምፁ…»

«አንቺ ነሽ ድምፅ የምታስተምሪኝ? ያየሽውን ጻፊና ሂጂ።»

ያየችውን ጻፈች፤ «ጥልቁ የጉበት ክፍል አይታይም»። እሱ ዓረፍተ ነገሯን በአንድ መስመር ሰርዞ «ጤነኛ» ብሎ ፈረመበት። ከአራት ወር በኋላ ጋጋሪው ሞተ። እዚያ ጨለማው ውስጥ ቡጢ የሚያህል እጢ ተቀምጦ ነበር።

ኮሚቴ ተቀመጠ። ፋይሉን ውሃ በላው። ዶክተሩ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ስለ ቁልፎቹ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ልጅቷ ሰነፍ ናት» አለ፤ ለሟቹ ሚስትም ይህንኑ ነገራት። ጨለማዋ ከማሽኑ ተነስታ ሦስት ዓመት ካርድ ክፍል ተቀመጠች። ያ አልነበረም የከፋት። የከፋት ዳቦ ቤቱ ነው። መደርደሪያው ሙሉ ሆኖ፣ እንፋሎቱ መስታወቱን አልብሶት፣ የጋጋሪው ሚስት ፊቷን ሳታዞር «ዳቦ አልቋል» ትላታለች። ስድስት ዓመት ሙሉ። ሌላ ዳቦ ቤት መሄድ ትችል ነበር፤ ግን መሸሽ ጥፋትን ማመን መሰላት፤ በየሳምንቱ እየሄደች «አልቋል» መባሏን ቀጠለች።

ዶክተሩን ጠላችው። ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። ጥርሷን ስትቦርሽ ትጠላዋለች፤ አውቶብስ ስትጠብቅ ትጠላዋለች። አዲስ አለቃ መጥቶ ፕላስተሩን አስልጦ እሷን ወደ ማሽኑ ሲመልሳት እንኳ ቂሟን እንደ ቋጠረች ነው የተመለሰችው። መሳቢያዋ ውስጥ አንድ ጥቅል ነጭ ፕላስተር አስቀመጠች። ለምን እንደሆነ ብትጠየቅ አትናገርም፤ ግን ታውቀው ነበር።

አንድ ጠዋት ዶክተር ፕላስተር ራሱ መጣ። ጡረታ ወጥቷል፤ ወፍሯል። ጎኑን እያመመው ከሌላ ሐኪም የማዘዣ ወረቀት ይዞ ነው የመጣው።

«አንቺ ነሽ እንዴ?» አለ። «ደግ፣ ደግ። እጅሽ ጥሩ እንደሆነ ድሮም አውቃለሁ።»

ደሟ ፈላ። «ሸሚዝዎን ያውልቁ፣ ዶክተር» አለች በለሰለሰ ድምፅ።

እሱ ከመከለያው ጀርባ ሸሚዙን ሲፈታ እሷ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እሱ ወዳሰለፋቸው ቦታ መለሰቻቸው። በቃሏ ታውቀዋለች። ከዚያ ጥቅሉን አውጥታ ለጠፈች፤ «አይነካም» ብላም ጻፈችበት።

ተኛ። ጄል ቀባችው፤ ድምፁን የሚልከውን ፕሮብ ከጎድን አጥንቱ ሥር አሳረፈች። ሥዕሉ የሚታይበት ማያ እሱም በሚያየው በኩል ነበር። ላዩ ብሩህ፣ ታቹ ድፍን ጥቁር።

«ጤነኛ ነዎት» አለች። «ልጻፍ?»

«ምኑን አይተሽ ነው? ታቹ ጨልሟል እኮ። የታችኞቹን ግፊያቸው እንጂ!»

ይህን ቃል ስድስት ዓመት ሙሉ ስትጠብቀው ነበር፤ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

«ፕላስተር አለበት፣ ዶክተር። አይነካም ተብሏል።»

አንገቱን አቅንቶ አየው። የራሱን ቃል አነበበ። ፊቱ ላይ የነበረው ደም ወዴት እንደ ሄደ እንጃ።

«ቀልድ ነው?»

«ጋጋሪው ሲተኛ ቀልድ ነበር?»

እሷ ማያውን ወደ ራሷ አዙራ ፕላስተሩን ላጠች፤ የታችኞቹን ቁልፎች በጣቷ ገፋች። ጥልቁ ቀስ እያለ ከጨለማው ወጣ። እስከ ጉበቱ ጀርባ አየችው፤ ትንፋሹን አስይዛ፣ በጎኑ አስተኝታ ደግማ አየችው። ትንሽ ስብ አለ፤ ከዚያ በቀር ንጹህ ነው። ቅር አላት። መጀመሪያ የተሰማት ይህ ነው፤ ራሷንም አስደነገጣት።

«ምን አለ?» አለ እሱ። ግንባሩ በላብ ተነክሯል። «ምነው ዝም አልሽ? ንገሪኝ እንጂ!»

ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ሆዱ ላይ አስቀመጠችለት።

«መጀመሪያ ይጻፉ። ማን እንደ ለጠፈ፣ ማን እንደ ለመነ፣ ማን እንደ ሰረዘ።»

«ልትገድይኝ ነው?»

«አልነካዎትም። ይጻፉ።»

ተንጋሎ፣ ጄሉ ወረቀቱን እያበላሸበት ጻፈ። አንዴ ቆም ብሎ «አላስታውስም» ሲል «እኔ አስታውሳለሁ» ብላ ቀኑን ነገረችው። ሲፈርም ወረቀቱን ወስዳ ሁለት ጊዜ አነበበች።

«ጉበትዎ ንጹህ ነው» አለች ያኔ።

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ዓይኑን ጨፈነ። አፍታ ሳይቆይ ግን ተነስቶ ተቀመጠና እጁን ዘረጋ። «በይ እንግዲህ፣ ጨዋታው ይብቃን። ወረቀቱን መልሺልኝ።»

ወረቀቱን አጥፋ፣ ከጥቅሉ ቆርጣ ፕላስተር ለጠፈችበት። «አይነካም» አለችው።

ምሳ ሰዓት ላይ ነጭ ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ ዳቦ ቤት ገባች። ሴትዮዋ ከሚዛኑ ጀርባ ቆማለች።

«ዳቦ አልቋል።»

«ለዳቦ አልመጣሁም፣ እትዬ። ይህን ያንብቡልኝ።»

ሴትዮዋ ፕላስተሩን በጥፍሯ ላጠች። አነበበች። እጇን በሽርጧ ጠርጋ እንደገና አነበበች። ጨለማዋ ይቅርታ ጠበቀች፤ ለቅሶም ጠበቀች። አንዱም አልመጣም።

«በፈቃዱ ነው የጻፈው?»

«አይደለም። ውጤቱን ይዤበት ነው። የሚሞት መስሎት ነው የጻፈው።»

«ሊሞት ነው?»

«ንጹህ ነው።»

ሴትዮዋ ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ በመዳፏ ጫነችው። «ስንት ሰዓት አቆየሽው?»

«አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው» አለች ጨለማዋ፤ ያፈረችበትን ነገር እንደምትናዘዝ አንገቷን ደፍታ።

«አሥር ደቂቃ?» ሴትዮዋ ከባንኮኒው ዞራ ወጣች። «የእኔን ሰውዬ አራት ወር አቆይቶት፣ አንቺ አሥር ደቂቃ ብቻ?»

ከዚያ ከጥግ የባሏን ወንበር ጎትታ አመጣችላትና፣ «ተቀመጪ» አለቻት። «ሲያልበው እንዴት እንደ ነበር ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»