በአባቴ ፊት ያልሳምኋት ልጄ

በእኛ ቤት የወለደች ሴት በአባቷ ፊት ልጇን አቅፋ አትስምም። ነውር ነው። እናቴም በአያቴ ፊት ስማኝ አታውቅም ነበር። ልጄ ወደ እኔ ስትሮጥ አባቴ በአጠገባችን ካሉ አንገቴን ደፍቼ «ሂጂ፣ ተጫወቺ» እላታለሁ። ጓዳ ስንገባ ግን ጉንጯ እስኪቀላ ድረስ እስማታለሁ። እሷም ለምዳው ጓዳ እስክንገባ ትጠብቀኝ ነበር።

ከባሌ ጋር ስንለያይ ልጄ አምስት ዓመቷ ነበር። እሱ የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ከተማ ውስጥ ግሽ አባይ ሰፈር ተከራይቶ ቀረ። እኔ ልጄን ይዤ ከከተማው ወጣ ብሎ ሰባታሚት አባቴ ቤት ተመለስሁ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ሰው ሁሉ ይፈራቸዋል፤ እኔም እፈራቸዋለሁ። ባሌ ልጅቱን እኔ ላሳድግ አለ፤ እኔም እንቢ አልሁ። ሽማግሌ ቢገባም አልተስማማንም፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ።

ዳኛዋ ሴት ነበሩ። «ልጅቷን ለማሳደግ ምን አስበሻል?» ብለው ጠየቁኝ። ስድስተኛ ክፍል ያቋረጥሁ ሰው ነኝ፤ ያን ያህል ሰው ባለበት ተናግሬ አላውቅም።

«ጮክ በይ እንጂ የኔ ልጅ፤ እዚህ የሚበላሽ የለም» አሉ። ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። እኔ የተናገርሁትን ራሴም አልሰማሁት። ባሌ ግን ስለ ትምህርት ቤቷም ስለ አልጋዋም አንድ በአንድ ተናገረ። ዳኛዋም የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ሁለቱንም ቤት አይታ ሪፖርት ታምጣ ብለው ቀጠሮ ሰጡ።

ባለሙያዋ ጠዋት በባጃጅ መጣች። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። እኔን ስትጠይቀኝ እሳቸው ይመልሳሉ።

«ልጅቷ ሲያማት የት ትወስዷታላችሁ?»

«ጠበልም አለ፣ ጤና ጣቢያም አለ። ምነው ልጄ፣ ጫካ የምንኖር መሰልንሽ?»

እሷም ሳቀች፤ እኔም ትንሽ ቀለል አለኝ። ወዲያው ልጄ ከጓሮ ስትሮጥ መጥታ በሩ ላይ ወደቀች። ጉልበቷ ተላጠ። እያለቀሰች እጆቿን ወደ እኔ ዘረጋች። አባቴ ያያሉ። እንግዳዋም ታያለች።

«አይዞሽ፣ ምንም አልሆንሽም» አልኋት፣ መሬት መሬቱን እያየሁ።

ያነሷት አባቴ ናቸው። ጋቢያቸው ውስጥ ሸጎጧት። ባለሙያዋ ደብተሯ ላይ ጻፈች።

እስከ አስፋልቱ ብቻዬን ሸኘኋት። በአባቴ ፊት ስለሆነ ነው፣ ብዬ ልነግራት እችል ነበር። መንገዱን ሁሉ ቃሉን ሳዘጋጅ ሄድሁ። ባጃጁ መጣ። «ደኅና ግቢ» አልኋት።

ሪፖርቱ በችሎት ተነበበ። እናት ለልጇ ቅርበት አታሳይም፤ ልጅቱ ስትወድቅ አላነሣቻትም፤ አባቷ ቤት በሄድንበት ቀን ግን ጭኑ ላይ ተቀምጣ አግኝተናታል ይላል። ውሸት የለበትም። ያየችውን ነው የጻፈችው።

«በዚህ ላይ የምትዪው አለሽ?» አሉኝ ዳኛዋ።

አባቴ ከኋላዬ ተቀምጠው ነበር። ሳላቸው ተሰማኝ።

«የለኝም» አልሁ።

ልጄ ከአባቷ ጋር እንድትኖር፣ እኔም እሑድ እሑድ እንዳያት ተወሰነ። ውጭ ስንወጣ አባቴ ቆም አሉ። «ምነው ዝም አልሽ?»

«እርስዎ ፊት እንዴት ብዬ ልናገር?»

«ውጡልኝ ብትዪኝ አልወጣም ነበር?» አሉና ቀድመውኝ ሄዱ።

አሁን እሑድ እሑድ ጣና ዳር እንገናኛለን። አባቷ ያመጣትና ጀልባዎቹ ጋ ቆሞ ይጠብቃል። እኔ ከመራዊ ገበያ የገዛሁላትን ቀሚስ ይዤ እመጣለሁ፤ ወይም ሸንኮራ። ጀልባ ነጂው እያየ፣ ቆሎ ሻጯ እያየች አቅፌ እስማታለሁ። አላፍርም። ባለፈው እሑድ ግን አንገቷን ወደ ኋላ ሳበች።

«እማ፣ ሰው ያያል» አለችኝ፣ መሬት መሬቱን እያየች።

«ቢያይስ! ምን ይሆናል?» አልኋት።

ከእቅፌ አልወጣችም። እጆቿን ወደ ታች አንጠልጥላ ደርቃ ቆመች፣ አባቷ እስኪጠራት ድረስ።