ለሸንጎው ሽማግሌ ዋስ የሆንሁ ጊዜ

ሽማግሌነት በእኛ አገር ተለምኖ የሚገኝ ነገር አልነበረም። ሰው ነው መጥቶ "እባክዎ ይዳኙን" ብሎ ሽማግሌውን የሚለምነው። "ሽማግሌ አድርጉኝ" ብሎ ደጅ ለደጅ የሚዞር ሰው ያየሁት በጣሊያን ጊዜ፣ ቡሬ ላይ ነው።

ጣሊያኑ ገዢ ምሽጉን ከሠራ በኋላ በገበያ ቀን ነጋሪት አስጎስሞ፣ "የከተማው ሰው የራሱን ሽማግሌዎች ይምረጥ፤ የገበያውንና የመሬቱን ጠብ እነሱ ይዳኙ፤ ሸንጎ ይቀመጡበት ዘንድ ወንበር እንሰጣቸዋለን" አሰኘ። አዋጁን በአማርኛ የሚናገረው ትርጁማኑ ነበር፤ ከነሱ ጋር ከሰሜን የመጣ፣ አንደበቱ የተጣራ፣ ልቡ የማይታወቅ ሰው። በማግስቱ የቡሬ እውነተኛ ሽማግሌ ሁሉ ታመመ። አንዱ ወገቤን አለ፣ አንዱ ሆዴን አለ፣ አንዱ ጆሮዬ አልሰማ አለኝ አለ። ከማዶ የፍየል ኮቴ ለይቶ የሚሰማ ሰውዬ! ያልታመመ አንድ ሰው ብቻ ተገኘ።

እሱ ከሰሜን ዘመቻ የተመለሰ ወታደር ነው። ባሌም አብሮት ዘምቶ ነበር፤ ባሌ እዚያው ቀረ፣ እሱ መጣ። መርዶውን ያረዳኝ እሱ ነው። በተዝካሩም ከካህናቱ ቀድሞ የተቀመጠ፣ ካህናቱ ከሄዱ በኋላም ያልተነሣ እሱ ነው። እግሩ ላይ ጠባሳ አለው። ጣሊያን ቡሬ ሳይገባ በፊት ያ ጠባሳ ከአውሮፕላን የወረደ ቦምብ ነበር፤ በየሠርጉ ሱሪውን ሰብስቦ እየፎከረ ያሳየን ነበር። ጣሊያን የገባ ለት የበቅሎ ርግጫ ሆነ። አብረውት የዘመቱት ሲናገሩ ደግሞ ሰውዬው ከስንቅ ጫኞቹ በቅሎዎች ኋላ እንጂ ከጦሩ ፊት ታይቶ አያውቅም። እንግዲህ እውነቱን የነገረው ለጣሊያን ነው ማለት ነው።

ወንበሩን ካሰበ ወዲያ እንዴት እንደሆነ! ክርስትና ይሁን ማኅበር፣ ሳይጠራ ይገባል። የቤተ ክርስቲያን ደጅ የማይስም የነበረ ሰው፣ ሰው ሲያየው ጊዜ አጥሩን ሁሉ እየተሳለመ ይዞራል። አንድ ቀን ጎረቤቴ ከባሏ ጋር ስለ ጎመን ዘር ድምፅ ከፍ አድርገው ሲነጋገሩ ሰምቶ ዘው አለና፣ "በሉ ተዉ፣ ሰይጣን አይስማችሁ፣ ይቅር ለእግዜር ተባባሉ" ብሎ አስታረቃቸው። ጎረቤቴ ሳቅ እየገደላት መጣች።

"አንቺዬ፣ ሳንጣላ ታረቅን፤ ጠላችንንም ጠጥቶ ሄደ።"

"እንግዲህ ጠላው በከንቱ እንዳይቀር ዛሬውኑ ተጣሉ" አልኋት።

እንዲህ የምሳለቀው ግን በአፌ ነው። ሆዴ ውስጥ ሌላ ነገር ነበር። ያለኝ አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ እሱም አባቱ ሲዘምት ቤት የተወውን አሮጌ ጠመንጃ ይዞ ወደ ዓባይ በረሃ ከወረደ ከርሟል። ለጠየቀኝ ሁሉ "አቸፈር፣ ቅኔ ቤት ገብቷል" እላለሁ። በረሃ የገባ ልጅ ሲያዝ ምን እንደሚደረግ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ገበያው መካከል መስቀያ እንጨት ተክለዋል። የእናቱም ቤት ይቃጠላል። ስለዚህ ውሻ በጮኸ ቁጥር ልቤ ትጠፋ ነበር። ያ ነገር ዛሬም አልለቀቀኝም።

ምርጫው የተደረገው ከምሽጉ በታች፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ወደምንለው አገር በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው መስክ ላይ ነው። የእኛ ዘማች ሮጦ የመጀመሪያውን ወንበር ያዘ። ሌሎቹን ወንበሮች ከየቤታቸው ተጎትተው የመጡ በሽተኞች ሞሏቸው። ያን ጊዜ ትርጁማኑ፣ "እያንዳንዱ ሽማግሌ ርስት ያለው ዋስ ይጥራ። ሽማግሌው ቢከዳ ወይም ቢጠፋ ዋሱ በመሬቱና በራሱ ይጠየቃል" አለ። ለሌሎቹ ወንድም ለወንድም፣ አማች ለአማች ቆመ። የእኛ ዘማች ዞር ቢል የገዛ ወንድሙ ደመና ይቆጥራል። አንዱ ከኋላ፣ "በቅሎዪቱን ጥራት እንጂ!" አለው። መስኩ በሳቅ ፈረሰ። ትርጁማኑ እስከ ነገ ጊዜ ሰጠው።

በማግስቱ ማለዳ ደጄ ላይ ቆመ። ገብስ አስጥቼ ነበር።

"እንዴት አደርሽ፣ እታለም?"

"እግዚሃር ይመስገን። ምነው በማለዳ፣ ከማን ሊያስታርቁኝ ነው?"

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። "ዋስ ሁኚኝ።"

"ሴት ለሸንጎ ሰው ዋስ ስትሆን የት አዩ?"

"ትርጁማኑን ጠይቄዋለሁ። ርስት ካላት ሴት ብትሆንም ግድ የለኝም ብሏል። የባልሽ ወዳጅ እኮ ነኝ።"

"ወዳጅነትዎንማ በተዝካሩ አይተነዋል።"

ያን ጊዜ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ልጅሽን ወደ ቆላው በሚወርደው ቁልቁለት ላይ አየሁት። አድጓል። የአባቱ ጠመንጃ ያምርበታል።"

የያዝሁት ገብስ ከእጄ ፈሰሰ። "ልጄ አቸፈር ነው" አልሁ።

"ነው እንጂ! እኔም ለሰው የምለው እንደዚያው ነው። ዋስ ከሆንሽኝ ደግሞ አብልጬ እላለሁ።"

ስድብ አፌን ሞልቶት ነበር፤ ፍርሃት ቀድሞ ዘጋው። ነጠላዬን ለበስሁና ተከተልሁት።

ምሽጉ በር ላይ ትርጁማኑ ከላይ እስከ ታች አየኝ። "ይህን ሰው ታውቂዋለሽ?"

"አሳምሬ አውቀዋለሁ።"

"ታምኚዋለሽ?"

"ዋስ ሆኛለሁ" አልሁ። የተጠየቅሁት ያን አልነበረም። ትርጁማኑም ያን እንዳልጠየቀኝ ያውቃል፤ ፈገግ ብሎ አሳለፈን።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ አልቅሼ ነገርኋቸው። "የአባቴን ርስት ለዚያ ሆዳም መያዣ ሰጠሁት፤ ነገ ደግሞ ልጅሽን ስጪ ይለኛል" አልኋቸው። እሳቸውም፣ "ልጄ፣ የዚያ ሰው ወንበር አንዱ እግር አሁን አንቺ ነሽ" አሉኝ። "በረሃ የወረደ ልጅ ያላትን እናት ዋስ አድርጎ የጠራ ሽማግሌ፣ ልጁ በታወቀ ቀን የት ሊቀመጥ ነው? አንቺን ያሰረ መስሎታል፤ ገመዱን በራሱም አንገት ላይ ነው የቋጠረው።"

ነገሩ ገባኝ፤ ግን አላመንሁም። የፈራን ሰው ብልሃት አያጽናናውም።

ክረምቱ ወጥቶ መስቀል እንዳለፈ፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያላወቅሁት ሰው የልጄን ነገር ወደ ምሽጉ ወሰደው። አስካሪዎች የሚባሉት የጣሊያን ጥቁር ወታደሮች መጥተው ከቤቴ ወሰዱኝ። ሸንጎው ከዋርካው ሥር ተቀምጧል፤ ጣሊያኑ ገዢ በመካከል፣ ትርጁማኑ ከጎኑ ቆሟል። የእኔ ዘማች አዲስ ኩታ ለብሶ፣ እግሩን አጣምሮ፣ ጭራ ይዞ ዝንብ ያባርራል። ወንበሩ ከመሬት ያለው ከፍታ ትንሽ ነው፤ እሱ ግን ከተራራ ላይ ይመስል ቁልቁል ያየናል።

"ልጅሽ የት ነው?" አለ ትርጁማኑ።

"አቸፈር፣ ቅኔ ቤት።"

"በረሃ ነው ይባላል።"

"የሚለው ጠላት ነው፣ ጌታዬ።"

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። "ይህን ልጅ የሚያውቅ አለ?"

ሁሉም መሬት መሬቱን ያያሉ። የእኔን ሰውዬ አየሁት። እሱም መጀመሪያ እኔን አየ፣ ከዚያ ትርጁማኑን አየ፣ ከዚያ የተቀመጠበትን ወንበር አየ። ወንበሩን ሲያይ ገባው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አስቦት አያውቅም ነበር እኮ! ፊቱ አመድ መሰለ። ጭራውን ጥሎ ብድግ አለ።

"ልጁን እኔ አውቀዋለሁ፣ ጌታዬ! አቸፈር ወስጄ ለመምህሩ የሰጠሁት እኔ ራሴ ነኝ። ማርያምን!"

"መቼ?"

"አባቱ ከሞተ ወዲህ፤ ብዙ ቆይቷል።"

"ታዲያ ቅኔው የት ደረሰለት?"

እዚህ ላይ ነፍሴ ወጣች። ሰውዬው ስለ ቅኔ የሚያውቀው ተዝካር ላይ፣ ሥጋ በአፉ እንደያዘ የሰማውን ነው። ደረቱን ነፍቶ፣ "ጉባኤ ቃና!" አለ።

ጉባኤ ቃና የመጀመሪያዋ ናት፤ ሁለት ቤት ብቻ ያላት፣ ትናንት የገባ ተማሪ የሚቆጥራት። አባቴ ካህን ስለነበር፣ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደግም የተዳርሁት እኔ እንኳ ይህን አውቃለሁ። ትርጁማኑም ያውቅ ኖሯል።

"ይህን ሁሉ ጊዜ ተቀምጦ ገና ጉባኤ ቃና?"

ሰውዬው አላመነታም። "ደደብ ነው፣ ጌታዬ! ድንጋይ ነው! እናቱ አቀማጥላ ያበላሸችው። ጠመንጃ ቢሰጡት በየት በኩል እንደሚያዝ የማያውቅ! መምህሩ እንኳ 'ውሰዱልኝ' እያሉ ይልካሉ።"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ትርጁማኑ በጣሊያንኛ ሲመልሰው ገዢውም ሳቀ። ሁሉም ወደ እኔ ሲያዩ እኔም ሳቅሁ፤ እንባዬ ግን ይወርዳል።

"በይ ሂጂ፣ የደደብ እናት" አለኝ ትርጁማኑ። ያን የመሰለ ምርቃት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም።

ፀሐይ ዘንበል ስትል ሰውዬው ቤቴ መጣ። በርኖሱን አጣጥፎ በክንዱ ይዟል።

"አየሽ ያደረግሁልሽን፣ እታለም?"

"አየሁ። ልጄን ደደብ አደረጉት።"

"ነፍስ አተረፍሁ እንጂ!"

"የማንን?"

ደጁን ገልመጥ አደረገና ቀረብ አለኝ። "አሁን ልጁ መጠንቀቅ አለበት። ቢያዝ አንቺም እኔም አለቅን። የት እንዳለ ንገሪኝ፤ እኔው ራሴ ወርጄ ልምከረው። በርኖሴንም እሰጠዋለሁ፤ የሌሊት ብርድ እንዳይመታብን።"

እንዳይመታብን! በርኖሱን አየሁት፤ ጥሩ በርኖስ ነው፣ ልጄም ሌሊቱን ደጅ እንደሚያድር አውቃለሁ። እጄን ልዘረጋ ነበር። ያን ጊዜ ንስሐ አባቴ ያልነገሩኝ ነገር ታየኝ። ልጄ ቢያዝ ሰውዬው ወንበሩን ያጣል፤ እውነት ነው። ልጄ እዚያው በረሃ ውስጥ፣ ማንም ሳያውቅ፣ ቢሞት ግን ወንበሩ ጸና። የሞተ ልጅ ተይዞ አይመረመርም። ሰውዬው ይህን አስቦት ይሁን ገና ሊያስበው ይሁን አላውቅም። ዘግይቶ የሚገባው ሰው ነው፤ ግን ይገባዋል።

"የት እንዳለማ አንቱ ያውቁታል" አልሁት።

"እኔ?"

"አቸፈር ወስደው ለመምህሩ የሰጡት አንቱ አይደሉ? ማርያምን ብለው የማሉት? እኔ ሴት ነኝ፤ መንገዱን አላውቀውም። በርኖሱን እዚያው ያድርሱለት።"

ከዚያ በርኖሱን እንደያዘ ወጣ። በሩን ዘግቼ ቀረቀርሁት።

ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ መምጣቱን አልተወም። ሰው ካለ "ከአቸፈር ምን ተሰማ?" ይላል፤ ሰው ከሌለ "እረ የት ነው?" ይላል። እኔም "ይማራል" እለዋለሁ። ልጄ በሕይወት ከበረሃ ወጣ፤ እግዚሃር ይመስገን። ሰውዬው ዛሬ በየድግሱ "ያን ልጅ ደብቄ ያተረፍሁት እኔ ነኝ" ይላል፤ ጠላ የሚቀዳለትም አያጣም። ይበል። ልጄ ያኔ በየትኛው ዋሻ እንዳደረ፣ እህል ማን ያቀብለው እንደነበር ግን ለእሱም ለሌላም ተናግሬ አላውቅም። እዚህም አልጽፈውም።