የአጥቢያ ኮከብ ሙቀት በቆጮ ጉድጓድ

መጋቢት 12 ቀን 1963 ዓ.ም.፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ፣ የትምህርት ቤታችን ብቸኛ ቴርሞሜትር በእናቴ የቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ተሰበረ። ሰዓቱን በእርግጠኝነት የምናገረው በደብተሬ ስላሰፈርኩት ነው፤ ያን ጊዜ የስድስተኛ ክፍል ተማሪና የክፍላችን የአየር ሙቀት መዝጋቢ ነበርኩ።

መነሻው የሳይንስ መምህራችን ትምህርት ነበር። ወልቂጤ ላይ ጎህ ሲቀድ የምናያት አጥቢያ ኮከብ ፕላኔት መሆኗን፣ ወፍራም አየርና ደመና ስለሸፈናትም ሙቀቷ መውጫ አጥቶ እርሳስ የተባለውን ብረት እስከ ማቅለጥ መድረሱን ነገሩን። ከኋላ ወንበር አንዱ «እዚያ ሽሮ ያለ እሳት ይበስላላ!» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን አልሳቅኩም። በእኛ ሰማይ ደመና ሲመጣ ይቀዘቅዛል እንጂ መቼ ይሞቃል?

ከጓሯችን፣ ከእንሰቱ ጥላ ሥር፣ እናቴ የፋቀችውን እንሰት በቅጠል ሸፍና፣ ድንጋይ ጭናበት ታብላላ ነበር። ያ ኮምጣጣ፣ የረጠበ አፈር የተቀላቀለበት ሽታ ዛሬም ከአፍንጫዬ አልጠፋም። እጇን በቅጠሉ መካከል ሰዳ፣ ለአፍታ ዓይኗን ጨፍና «ገና ነው» ወይም «ደርሷል» ትል ነበር። ቅጠሉ ደመና፣ ጉድጓዱ ፕላኔት ሆኖ ታየኝ። ቴርሞሜትሩን ወደ ቤት መውሰድ ክልክል ነበር፤ ወሰድኩት። ቅጠሉን ገልጬ ስከተው ድንጋዩ ተንሸራትቶ ሰበረው። ብር የሚመስሉት የሜርኩሪ ጠብታዎች ቆጮው ውስጥ ሲሰርጉ አየሁ። መርዝ መሆናቸውን መምህሩ አስጠንቅቀውን ነበር፤ ጉድጓዱ ደግሞ የቤተሰባችን የክረምት ቀለብ ነው። ቅጠሉን መልሼ ሸፈንኩት።

አመሻሹ ላይ እናቴ ቢላ ይዛ ወደ ጓሮ ስትወጣ ተከትያት ሮጥኩ።

«እማ፣ አትክፈቺው! መርዝ ገብቶበታል።»

«ማን አስገባው?»

«እኔ። የአጥቢያ ኮከብን ሙቀት ልለካ ብዬ...»

ጉድጓዱን አየች፤ ቀጥላም ሰማዩን። «ኧረ ጉድ! እሷ እዚያ ላይ ተሰቅላ የእኔን ቆጮ ታበላሽ?»

አልመታችኝም። ራታችንን ጎመን ብቻ በላን።

ዛሬ የሩቅ ፕላኔቶችን ሙቀትና ነፋስ ከስልኬ ላይ አነባለሁ። የዚያን ጊዜው መምህር ሊገምቱት ያልቻሉትን ሁሉ ቁጥሩ ይነግረኛል። ሆኖም ቁጥሩን ባየሁ ቁጥር በቅጠል መካከል የገባች እጅና የተጨፈኑ ዓይኖች ይታዩኛል።

ቴርሞሜትሩ በተሰበረ ማግስት ጠዋት እናቴ መምህሩ ዘንድ ወሰደችኝ፤ ለምን ልለካ እንደፈለግኩ ጭምር ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ቆጮው ከላይ ከላዩ ብቻ ቢጣልስ?» ብላ እናቴ ጠየቀቻቸው።

«አይሆንም እትዬ፤ ሁሉም ይቀበር።» ቀጥለውም ወደ እኔ ዞሩ፤ «ጉድጓዱ የሚሞቀው ክዳኑ ስለያዘው ብቻ አይደለም፤ ቆጮው ራሱ ሲብላላ ሙቀት ያወጣል። ጥያቄሽ ግን ጥሩ ነበር። ቢሆንም ክልክል የሆነውን አድርገሻልና መዝጋቢነቱን ለሌላ ልጅ እሰጣለሁ።»

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «ዝም ብላ ብታበላን ኖሮ ይነጥቋት ነበር። ተናግራለችና አይንጠቋት። ሌላ መለኪያ እስኪመጣ በእጇ ትለካ፤ እኔ አስተምራታለሁ።»

በዚህ ተስማሙ። ጉድጓዱ በአፈር እንዲደፈን፣ በተራ አብረዋት እንሰት የሚፍቁት ጎረቤቶችም ከየጉድጓዳቸው እንዲያካፍሉን ተወሰነ። እኔም በዚያው ጠዋት በደብተሬ ላይ፣ በቁጥሩ ቦታ፣ «ለብ ያለ» ብዬ ጻፍኩ።