አባባ ታከለ የፈቱት እገዳ

ባለፈው ዓርብ ከልጄ ከናዳቭ ጋር ወደ አሽቀሎን የጀልባ ማቆሚያ፣ ማሪና ወደምንለው፣ ወርደን ከባሕሩ ፊት ለፊት ተቀምጠን ነበር። ሐብሐብ ከጨው አይብ ጋር አዘናል፤ ነፋሱም መልካም ነው። ናዳቭ በአንድ እጁ ሹካ፣ በሌላው ስልክ ይዟል። የኳስ ወዳጆች በስልክ የሚሟገቱበት ትልቅ መድረክ አለ፤ እሱ እዚያ ሥርዓት አስከባሪ ነው። የጎረሰውን ሳይውጥ በአውራ ጣቱ ስልኩን ነካ አደረገና በዕብራይስጥ «ኻሳምቲ ኦቶ» አለኝ። አገድሁት ማለቱ ነው።

«ማንን?»

«ምን አውቄ፣ ኢማ።» እናቱን እንዲህ ነው የሚጠራው። «አንድ ተሳዳቢ ነው።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ለሁልጊዜ» አለና ሐብሐቡን ዋጠ።

ሳልፈልግ ሳቄ መጣ። በእኔ ወጣትነት አንድ ሰው ታግዶ ቤታችን ሽማግሌ የተቀመጠበትን ቀን አስታወሰኝ።

ከእስራኤል ሠራዊት በወጣሁበት ዓመት ነው። አቪ የሚባል ኮምፒውተር የሚማር የሰፈራችን ልጅ ለእኛ ለቤተ እስራኤል ወጣቶች ፎሩም፣ በኮምፒውተር እየተጻጻፍን የምናወጋበት መድረክ፣ ከፈተልን። ኮምፒውተር ያለው ቤት ያኔ ጥቂት ነበርና አንዱ ሲነሳ ሌላው ይቀመጣል። አማርኛውን በዕብራይስጥ ፊደል እየጻፍን ስለ ሥራ፣ ስለ ሠርግ፣ ስለ ወላጆቻችን ስናወጋ እናመሻለን። ሁላችንም የብዕር ስም ነበረን፤ እኔ በሰፈሬ ስም «የአቲቆቷ» ነበርሁ። አቪ ከላይ የሰቀለው ሕግም ነበር። የሰው ቤተሰብ የሰደበ ያለ ማስጠንቀቂያ ለዘላለም ይታገዳል ይላል። ጥሩ ሕግ ነበር፤ ዛሬም ጥሩ ይመስለኛል።

አንድ ቀን እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «በዕብራይስጥ ሳወራው አባቴ ይስቃል። የገባው ለመምሰል ነው። እኔም እንደገባው ሰው ቆጥሬው ወሬዬን እቀጥላለሁ። የእናንተስ አባቶች እንዴት ናቸው?» ለጨዋታ ነበር የጻፍሁት፤ ብዙዎቹም ስቀው የየቤታቸውን አወጉ። «ጎንደሬው» የሚባል አንድ አባል ግን «አባቷን አደባባይ አውጥታ የምታሾፍበት፣ ይቺ አሳዳጊ የበደላት!» ብሎ ጻፈብኝ።

አማርኛ የሚያውቅ ሰው ይህች ስድብ የት እንደምታርፍ አይጠፋውም። ልጅቷን የምትነካ ትመስላለች እንጂ የምታርፈው አሳዳጊዋ ላይ ነው። ደሜ ፈላ። አቪም ሕጉን ጠቅሶ ልጁን አገደው፤ እኔም እሰይ፣ የእጁን አገኘ አልሁ።

ጎንደሬው ጋዲ ይባላል፤ ሺምሾን ሰፈር ከእናቱ ከእትዬ ትርንጎ ጋር ይኖር ነበር። ከሠራዊት ወጥቶ ሥራ አላገኘም፣ ከሰውም አይውልም። አፉን የሚፈታው እዚያ ፎሩም ላይ ብቻ ነበር፤ ይህን ኋላ ነው የሰማሁት። እህል አልቀምስ ቢል እናቱ «ምን ሆንህ?» አሉት።

«አባረሩኝ።»

«እነማን?»

«የማወራቸው ልጆች። ሰው ሰድቤ።»

እትዬ ትርንጎ ፎሩም የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ አያውቁም። ከማኅበር መባረርን ግን ያውቃሉ፤ በአገራቸው እንዲያ የሆነ ሰው ቢታመም ጠያቂ፣ ቢሞት ቀባሪ የለውም። ልጄ አለቀለት ብለው ሽማግሌ ላኩ። ሽማግሌው የሚላከው ደግሞ ለአቪ አይደለም። አሳዳጊ የተሰደበ እንደሆነ የሚለመነው አሳዳጊው ነው፤ ስለዚህ ሽማግሌው ለአባቴ ተላከ። እኔ ደግሞ በብዕር ስም የተደበቅሁ መስሎኝ ነበር። አሽቀሎን ውስጥ ማን ተደብቆ ይኖራል? እትዬ ትርንጎ የአቪን እናት ጠየቁ፣ የአቪ እናት አቪን ጠየቁ፣ አለቀ።

የነሐሴ ወበቅ ነበር። አባቴ ከፋብሪካ ገብቶ እግሩን እየታጠበ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌው አባባ ታከለ ጭራቸውን ይዘው ቀደሙ፤ ከኋላቸው እትዬ ትርንጎ፣ አንገቱን የደፋ አንድ ረጅም ልጅ፣ በመጨረሻም አቪ ገባ። «በረኛው አንተ ነህ አሉ፤ ና» ብለው ያመጡት አባባ ታከለ ናቸው። እናቴ ቆሎና ሻይ አቀረበች።

እኔን ያስጨነቀኝ ስድቡ አልነበረም። በሽምግልና ጥፋት በጅምላ አይታለፍም፤ አንድ በአንድ ይነገራል። ጋዲ ያለው ከተነገረ እኔ የጻፍሁትም ሊነገር ነው። አባቴ እንደማይገባው አውቄ ስጫወትበት እንደኖርሁ በሰው ፊት ሊሰማ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድሁ።

አባባ ታከለ ጤና ጠይቀው ሲያበቁ ወደ ጋዲ ዞሩ። «ልጄ፣ ያልኸውን እንዳልኸው ተናገር።»

ጋዲ ወለል ወለሉን እያየ ተናገረ። የአባቴ ፊት ተለወጠ።

«ልጄ ምን አድርጋ?» አለ።

ጋዲ ቀና ብሎ አየኝ። ምን ያህል እንደፈራሁ ገብቶት ይሆን እንጃ፣ «ምንም አላደረገችም፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ።

«ይኸማ አይሆንም» አሉ አባባ ታከለ። «ያለ ምክንያት አልሰደብህ። ግማሹን ሰምቼ አላስታርቅም።»

በእኔ ምክንያት ልጁ ሲዋሽ ዝም ማለት አቃተኝ። የጻፍሁትን ራሴ ተናገርሁት፣ በአማርኛ፣ ምንም ሳላስቀር። አቪ እንኳ ቆሎውን መቆርጠም ተወ።

«እውነቷን ነው» አለ አባቴ። «አይገባኝም። ፋብሪካ አለቃው ሲያዋራኝ ግን ስቄ አላውቅም፤ አፍራለሁ። እሷ ያን ቋንቋ እንደ ውሃ ስታወርደው ሳይ ደስ ይለኛል፣ ለዚያ ነው የምስቀው። ለመምሰል አይደለም።» ከዚያ ወደ ጋዲ ዞሮ «እኔ ይቅር ብያለሁ» አለ። ጋዲ ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ ሲል አፈፍ አድርጎ አነሳው። እኔ ማልቀሴን የምደብቅበት ቦታ አጥቼ ሻይ ለመቅዳት ተነሳሁ።

የቀረው የእገዳው ጉዳይ ነው። አባባ ታከለ አቪን «ይህን ልጅ ስታስወጣው ምን ብለህ መከርኸው?» ብለው ጠየቁት።

«እዚያ ምክር የለም፣ አባባ። ቁልፍ ነው የሚነካው። አንዱን ብምር ደግሞ ሌላው ይደፍራል።»

«ልክ ነህ፤ ያለ ቅጣት አይመለስ። ግን ካወጣኸው በኋላ ማን ያቅናው?» ቀጥለውም «እዚያ ቤታችሁ ሳይናገር ተቀምጦ የሚሰማበት ቦታ አለ?» አሉ።

አቪ ራሱን አከከ። «ማንበብ ፈቅጄ መጻፉን ልከለክለው እችላለሁ።»

«በል፣ ሦስት ወር ያህል፣ እስከ ሲግድ በዓል ይስማ፤ አይናገር። ከዚያ እንደ ሰው ይግባ።»

እንዲሁ ሆነ። ሲግድ ባለፈ ማግስት ጋዲ «እንዴት ከረማችሁ?» ብሎ ጻፈ፤ ፎሩሙ ሁሉ ተሽቀዳድሞ መለሰለት። መጀመሪያ የመለስሁለት እኔ ነበርሁ።

ይህን ሁሉ ለናዳቭ ነገርሁት። «ኢማ፣ እዚያ ሺዎች ናቸው። ለሁሉም ሽማግሌ ልላክ?» አለኝ። እሱም እውነቱን ነው። ሰው ለማዋረድ ብሎ የሚዞር አለ፤ በሩ ይዘጋበት፣ አላዝንለትም። ሌላውን ግን ሲያስወጡት ምን እንዳጠፋና መቼ እንደሚመለስ ቢነግሩት ምን ይጎዳል? ናዳቭ ስልኩን አንስቶ ያን ተሳዳቢ መፈለግ ጀመረ።

የአቪ ፎሩም ከተዘጋ ቆየ፤ አባቴም አረፈ። አቪ ያን ጊዜ ሕጉን ነው የፈጸመው፣ ማንም አይወቅሰውም። እትዬ ትርንጎ ፎሩም ምን እንደሆነ ቢያውቁ ኖሮ ግን ሽማግሌ አይልኩም ነበር፤ እኔም አባቴ ለምን ይስቅ እንደነበር ሳላውቅ እቀብረው ነበር።