ጭኔን ያቃጠለኝ ምንድን ነው?

ከአዳማ በወጣሁበት ማለዳ እማዬ፣ ገበያ ቲማቲም የምትሸጠዋ፣ አዲስ መቀነት ወገቤ ላይ ጠመጠመችልኝ። አራት ዙር! «ሰው አገር ወገቡን ያላሰረ አይቆምም። እስክትደላደዪ እንዳትፈቺው» አለችኝ።

ዱባይ ሆቴል ጽዳት ገባሁ። ላንጋኖ ሎጅ ውስጥ አልጋ ሳነጥፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ሥራው አልከበደኝም። ሙቀቱ ግን፣ ወይ ጉድ! የአዳማ ፀሐይ ለካ ታዝንልን ነበር።

በሁለተኛው ወር የቀኝ ጭኔ ውጪ ውጪው ይቃጠል ጀመር። ስቆም ይብሳል፣ ስቀመጥ ተወት ያደርገኛል። ስቆነጥጠው ደግሞ ደንዝዟል፤ የሰው ጭን እንጂ የኔ አይመስልም። ምን ይሆን? አብራኝ የምታድረው የሞጆዋ ሂሩት፣ «አውሮፕላን ላይ ደምሽ ረግቶ ነው! ሳንባሽ ጋ ከደረሰ አለቀልሽ» ብላ ነፍሴን አወጣችው። በማግስቱ ደግሞ «ኤሲው ነው፣ ብርድ ነው» አለች። እኔ ባመመኝ ቁጥር መቀነቴን ጠበቅ አደርጋለሁ፣ አሁንም ጠበቅ። ሌላ ምን አውቃለሁ?

አለቃዬን ፈቃድ ጠየቅኩት።

«የትኛው እግርሽ ነው?»

«ቀኙ።»

«ግራው ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«እንግዲያው ግማሽ ቀን ይበቃሻል። የሙከራ ጊዜሽ ሳያልቅ በሽተኛ ከሆንሽ ግን ወደ አገርሽ ነው።»

ሐኪሟ ሱዳናዊት ናት፤ በተሰባበረ አረብኛዬ ተግባባን። ባቴን ዳበሰች፤ አላበጠም፣ አልቀላም። ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታ ስታደርግ እግሬ ዘለለ። ወገብሽን ያምሻል? እርጉዝ ነሽ? ስኳር አለብሽ? የለም፣ የለም፣ የለም። ከዚያ ዩኒፎርሜን ገለጥ አድርጋ መቀነቴን አየች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እናቴ ናት ያሰረችልኝ።»

ሳቀች። ለካ በዳሌ አጥንት በኩል ወደ ጭን የሚወርድ ነርቭ አለ፤ ጠባብ ቀበቶም፣ ውፍረትም፣ እርግዝናም ይጫነዋል። «ፍቺው፣ ቀስ በቀስ ይተውሻል። እግርሽ ካበጠ ወይም ከደከመ ግን ቶሎ ነይ» አለችና ለሥራ ብቁ ናት ብላ ጻፈችልኝ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ!

ወዲያው እማዬ ጋ ደወልኩ። መቀነቱ ነው ስላት ጥያቄ አስከተለች።

«ውጪ ውጪውን ነው? ስትቆሚ የሚብሰው?»

«አዎ። እንዴት አወቅሽ?»

«እኔንም እኮ አንቺን ወልጄ መቀነት ካሰርኩ ጀምሮ ያቃጥለኛል። ብርድ ነው ብዬ...»

«እማዬ! ይሄን ሁሉ ዓመት? ለምን አልነገርሽኝም? በይ አሁኑኑ ፍቺው!»

«እሺ፣ እሺ የኔ ልጅ። ቆይ፣ ከባቱ ቲማቲም የጫነው መኪና መጣ፤ ሣጥኑን ላውርድ።»

ዘጋችው። ዕንባዬ መጣ። እዚህ ሆኜ የሷን ማን ይፍታልኝ?