ለጥምቀት ትወልዳለች

በሕክምና ትምህርት ቤታችን የመጨረሻው ዓመት የሚያልፈው ከሕሙማን ጋር ነበር፤ በቀዶ ሕክምና፣ በውስጥ ደዌ፣ በሕፃናትና በወሊድ። የትኛውን አስቀድመን የትኛውን እንደምናስከትል እንድንናገር በነሐሴ ተጠራን። ጓደኞቼ ሁሉ ቀዶ ሕክምናን ለመስከረም ፈለጉ። እኔ ወሊድን አስቀድሙልኝ አልሁ።

ምክንያቴን ለማንም አልተናገርሁም። ታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ወዲያ ያለችው ታናሽ እህቴ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱንም ልጆች በምጥ አጥታለች። ለጉዳይ አዲስ አበባ የመጡ አንድ የአገራችን የቤተ ልሔም ደብር መሪጌታ የእናቴን ቃል አድርሰውኝ ነበር፦ «እህትሽ ነፍሰ ጡር ናት፤ ለጥምቀት ትወልዳለች፤ ድረሺላት።» ወሊድን በመስከረም ብጀምር እስከ ገና እጄ ይለምዳል፤ ከዚያ ቀጣዩ ትምህርት እስኪጀመር ባለችው ዕረፍት እደርስላታለሁ።

የትምህርቱ ኀላፊ ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ቅድሚያ የሚሰጠው ለቀዶ ሕክምና ነው። ወሊድን ካስቀደምሽ እሱ ከጥምቀት በኋላ ይሆንብሻል።»

«ይሁን ጌታዬ።»

ከኋላዬ የቆመው ጓደኛችን ሳቀ። «እማሆይ፣ ሁዳዴ ይገባል እኮ! እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምሺ የኦፕራሲዮኑ ጠረጴዛ ላይ ብትወድቂ ማንን ነው የምንሰፋው?»

እማሆይ የሚሉኝ ጾም ስለማልሽር ነው። በክፍሉ ሴት እኔ ብቻ ነበርሁና፣ ሲሳቅብኝ አብራኝ የምትስቅም የምትቆጣልኝም አልነበረችም።

እስከ ገና ምጥ ከያዛቸው ሴቶች ጋር ቆየሁ። «ማርያም ትቅረብሽ» ስል፣ በያንዳንዷ እህቴን የያዝሁ ይመስለኝ ነበር። መልኳን ላስብ ስሞክር ግን የሚመጣልኝ የልጅነት መልኳ ብቻ ነው።

ገና እንዳለፈ ተነሣሁ። አውቶቡሱ ከሚቆምበት ወዲያ መንገዱ በበቅሎ ነበር። በየአውድማው ገብስ ይወቃል። እህቴን ያገኘኋት አውድማው ዳር በሰፌድ ስታበጥር ነው። ዓይኔ ሆድዋን ፈለገ። የከበደው ጀርባዋ ነበር፤ አንቀልባው ውስጥ ልጅ ተኝቷል።

«በኅዳር ወለድሁት፣ እትዬ። ክርስትናም ተነሥቷል» አለች፣ እንደ ማፈር ብላ።

አጠገቧ ወደ ቆመችው እናቴ ዞርሁ። «እምዬ፣ ለጥምቀት ብለሽ አልላክሽብኝም?»

«ምነው ልጄ! በመንገደኛ አፍ እውነተኛውን ወር ልላክ? አዲስ አበባ እስኪደርስ ቃሉ ስንት ቤት ያድራል፤ ስንት ዓይን አለ! ሁለት ወር ገፋ አደረግሁት። አንቺ ቀንሰሽ ትቆጥሪዋለሽ ብዬ ነዋ። የአገርሽን ልማድ ታጪዋለሽ?»

አላጣሁትም። ጎረቤት «መቼ ነው?» ብላ ስትጠይቅ እናቴ ወሩን ገፋ አድርጋ ስትመልስ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። በሆስፒታሉ ግን ሐኪም «መቼ ነው?» ሲል ሴትዮዋ የምታውቀውን ትናገራለች፤ እኔም የናቴን ቃል እንደዚያው አድርጌ ያዝሁት።

«በኅዳር አርብ አርብ፣ ከገበያ የሚመለሰውን ሁሉ ቆሜ አይ ነበር» አለች እናቴ። «ዛሬስ ትመጣለች እያልሁ።»

ቁጣ አልነበረበትም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ልጁን ተቀበልሁት። አለቀሰ፤ እህቴ መልሳ ስታዝለው ዝም አለ። አምላክ ያለ እኔ አወጣቸው፤ ተመስገን አልሁ፣ ከልቤም ነው። ነገር ግን እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ፤ ሰፌዱን አንሥቼ ጥቂት አበጠርሁ።

ታቦቱ ከጥምቀተ ባሕር ሲመለስ አጅቤ፣ በማግስቱ ጉዞዬን ጀመርሁ። ዓመቱ እኔው እንዳስያዝሁት ቀጠለ። ሁዳዴ ገባ፤ በባዶ ሆዴ ከጠረጴዛው አጠገብ ቆምሁ። አልወደቅሁም።

«እስቲ አሁን እማሆይ፣ ምን አስበሽ ነው ይኽን የመረጥሽ?» አለኝ ያው ጓደኛችን፣ እጃችንን ስንታጠብ። ሳሙናውን አቀበልሁት፤ እሱም መልስ አልጠበቀም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ወደ ክፍሌ ገብቼ ቆሎዬን አወጣሁ። እናቴ ከአዲሱ ገብስ ቆልታ ያስያዘችኝ ነበር። አማትቤ ብቻዬን በላሁ።