«እሺ» ያልገባቸው ሽማግሌ

አቶ ምንያህል ነገር ይገባቸዋል። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ራሳቸው ናቸው ያሉት፤ የአዲስ ከተማ ሰፈር ሰው ደግሞ አምኖ ተቀበለ። ሠላሳ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት እንግዳ ሲቀበሉና እንግዳ ሲሸኙ ኖረው ጡረታ ወጡ። ከዚያ ሁሉ ዘመን ይዘውት የወጡት እምነት አንድ ብቻ ነው፦ ማንም ሰው የተናገረውን ማለቱ አይደለም።

ዝናቸው የተነሳው በአንድ ቀን ነው። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ መስኮት ከፍቶ «ዛሬስ ይሞቃል» አለ። አቶ ምንያህል ወጥተው ለጸሐፊዋ «ሰውየው ከቦታው ሊነሳ ነው» ብለው ሹክ አሏት። በእርግጥም ተነሳ፤ ከአንድ ዓመት ከአራት ወር በኋላ። በመሃል ያሉትን ወራት ማንም አልቆጠራቸውም። ኃላፊ አንድ ቀን ይነሳል ማለት በሐምሌ ይዘንባል እንደማለት መሆኑንም ያነሳባቸው ሰው የለም። «ነገር ይገባቸዋል» ተባለ፤ በዚያው ቀረ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺ ግን ይህን እውቀት ከቅርብ ነው የሚያውቁት። አንድ ጊዜ «ጨው አልቋል» አሏቸው። ሌላ ባል ቢሆን ሄዶ ይገዛል፤ ሰነፍ ቢሆን እንኳ «እሺ» ብሎ ይረሳዋል። አቶ ምንያህል ግን ተቀምጠው አሰቡበት። ጨው አልቋል ማለት ቤታችን ጣዕም አጣ ማለት ነው። ቤታችን ጣዕም ያጣው እህቷ ለጥየቃ ከመጣች ወዲህ ነው። ስለዚህ የሺ እህቷ እንድትሄድላት ፈልጋለች። በማግስቱ ጠዋት እህትየዋን ከነሻንጣዋ መናኸሪያ አደረሷት። ያን ሳምንት ቤቱ ውስጥ ሲበላ የሰነበተው ጨው የሌለው ወጥ ነው። ወይዘሮ የሺ ከዚያ ወዲህ የጎደላቸውን ሁሉ የሚናገሩት ለጎረቤት ነው።

እንግዲህ ኢያኤል ሽማግሌ ሲፈልግ ሰፈሩ የመረጠለት እኚህን ሰው ነው።

ኢያኤል ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚሠራ ዝምተኛ ልጅ ነው። ሩሀማ ነርስ ናት። አራት ዓመት ተዋደው ቆይተዋል። ያ ዓመት ግን ጊዜ አልሰጣቸውም፤ ሩሀማ በጥቅምት ወደ ጂንካ ልትዛወር ነው፤ ካገባች ትቀራለች፣ ካላገባች ትሄዳለች። የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናቸው የምትሰጠው የጋብቻ ትምህርት ሦስት ወር ይፈጃል፤ የሽምግልናው ነገር ሳያልቅ ደግሞ ምዝገባ የለም። ሰኔ እየገባ ነበር።

ሦስት ሆነን ሄድን፦ አቶ ምንያህል፣ የኢያኤል አጎት ደረሰ፣ እና ቁጥር ለመሙላት እኔ።

የሩሀማ አባት አቶ ሀሜሶ ከጉዱማሌ ትንሽ አለፍ ብለው ይኖራሉ። የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከውሃ ጋር ነው የኖሩት፤ ውሃ ወይ ይፈሳል ወይ አይፈስም። ንግግራቸውም እንደዚያው ነው።

አቶ ምንያህል እንደ ወጉ «ሳንሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙና ጀመሩ። «አቶ ሀሜሶ፣ ደጅዎ ያቆመን ትልቅ ጉዳይ ነው። በጓሮዎ አንዲት አበባ አለች። አበባ ደግሞ ውሃ እንደምትፈልግ፣ ውሃውም ከሩቅ…»

«ሩሀማን ነው?» አሉ አቶ ሀሜሶ።

«እንግዲህ አበባዪቱ…»

«ሩሀማን ነው ወይ?»

«አዎ፣ ሩሀማን ነው» አለ ደረሰ።

«እሺ። ነግራኛለች። ልጁንም አውቀዋለሁ። ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ለምሳ ኑ። ዘመዶቼ ይኖራሉ። ቀን እንቆርጣለን። አሁን ተቀመጡ።»

አቶ ምንያህል አልተቀመጡም። ፊታቸው ጠቁሮ፣ እጅ ነስተው ወጡ። እኛም ተከትለን ወጣን። መንገድ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉና «ጨክኖ መለሰን» አሉ።

«እሺ አሉ እኮ» አለ ደረሰ።

«ጉዱ እሱ ነው። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል የሴት አባት አይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያስ?»

ደረሰ ታዲያስ ምን እንደሆነ አላወቀም። እኔም አላወቅሁም። ግን ሁለታችንም ራሳችንን ነቀነቅን፤ አላዋቂ ላለመምሰል ነው መቼም።

«የሴት ወገን መጀመሪያ እናስብበት ይላል፤ ቀጥሎ ዘመድ እናማክር ይላል። ይኼ ሰውዬ እሺ ያለው ቶሎ እንድንሄድለት ነው። ቅዳሜ ኑ ያለው ደግሞ ክብራችንን ሊለካ ነው። ከሄድን ረከስን። አንሄድም። ራሱ ሰው ይልካል።»

ኢያኤል ይህን ሲሰማ «ጋሽ ምንያህል፣ ምሳው እየተዘጋጀ ነው ብላኛለች እኮ» አለ።

«ልጄ፣ ያ ዝግጅት ምን ማለት እንደሆነ ብነግርህ ታዝናለህ» አሉት። አልነገሩትም። ነገር ይገባናል የሚሉ ሰዎች ትልቁ ጥበባቸው ይህች ናት፤ ባዶውን ዕቃ ከፍተው አያሳዩህም።

ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ ፒያሳ አንድ ካፌ ከኢያኤል ጋር ቁጭ ብለን ማኪያቶ እንጠጣ ነበር። አቶ ምንያህል ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው የአቶ ሀሜሶን መልእክተኛ ይጠብቃሉ። እዚያ ቤት በግ ታርዷል፤ ዘመድ ከአለታ ወንዶ ድረስ መጥቶ እጁን ታጥቦ ተቀምጧል። ሩሀማ ለኢያኤል ሁለት ጊዜ ደወለች። አቶ ምንያህል «እንዳታነሳ» አሉት፤ አላነሳም። እንግዶቹ እስከ አሥር ሰዓት ጠብቀው፣ የቀዘቀዘ ምሳቸውን በሉ።

እሑድ አቶ ሀሜሶ ለደረሰ ደወሉለት። «ጠራኋችሁ። አልመጣችሁም። አሁን እምቢ ብያለሁ» አሉና ዘጉት።

ደረሰ እኔን አስከትሎ እየሮጠ አቶ ምንያህል ቤት ገባ። ሰውየው ሰምተው ፊታቸው በራ።

«ደስ ይበልህ። ሰውየው አሁን ገና ወግ ገባው። እምቢ ማለት ጀመረ አይደል? ሁለት ሳምንት እንቆይና ሰው ጨምረን እንሄዳለን።»

በሁለት ሳምንት ውስጥ የጋብቻ ትምህርቱ ምዝገባ ይዘጋል። ይህንን ነገርናቸው፤ «ይዘጋል ማለት…» ሲሉ ደረሰ ተነስቶ ወጣ።

ኢያኤል ግን በማግስቱ ሰኞ ብቻውን ሄደ። አቶ ሀሜሶን ያገኛቸው አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ፣ የዕቃ ማጠቢያው ሥር ተጋድመው ቧንቧ ሲፈቱ ነው። ቆሞ ለእግራቸው ተናገረ።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ያልመጣነው ሽማግሌዬ፣ እርስዎ ኑ ያሉን አትምጡ ለማለት ነው ስላሉ ነው። ልጅዎን ማግባት እፈልጋለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አቶ ሀሜሶ ከሥር ወጥተው ተቀመጡና እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

«ኑ ስል አትምጡ ነው አለ?»

«አዎ።»

«አትምጡ ብል ኖሮስ?»

«ያኔ እንመጣ ነበር መሰለኝ።»

ሰውየው ብዙ አሰቡበት፤ ሊገባቸው ግን አልቻለም። «ሩሀማ ስትደውል ለምን አላነሳህም?» አሉት።

«ፈራሁ።»

«እሱ ይገባኛል። ረቡዕ ሰባት ሰዓት ኑ።»

«ጋሽ ምንያህልስ?»

«ይምጡ። ግን አይናገሩ።»

ይህንን ለአቶ ምንያህል መንገር የእኛ ሥራ ሆነ። አፋችንን ሞልተን መናገር አቃተን። ደረሰ «ረቡዕ ፀሐዩ ከባድ ነው አሉ፣ ቤት ቢያርፉ» አላቸው። ረቡዕ ዕለት አዲስ ባርኔጣ ገዝተው፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው ከፊታችን ቀደሙ።

አቶ ሀሜሶ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። እያንዳንዳችንን ጨበጡ። አቶ ምንያህል ጋ ሲደርሱ «ይግቡ። ምሳ ይብሉ። አይናገሩ» አሏቸው። አቶ ምንያህል ወደ እኛ ዞር ብለው ጥቅሻ ጣሉና ከሁሉ ፊት ያለውን ወንበር ያዙ።

ከቆጮ የተሠራ፣ በቅቤ የራሰ ቡርሳሜ ቀረበ። ሳህኑ ሳይነሳ አቶ ሀሜሶ ልጃቸውን ጠሯት። «ሩሀማ፣ ትፈልጊዋለሽ?» «አዎ፣ አባ።» «አንተስ?» «አዎ» አለ ኢያኤል። «የመስከረም ሦስተኛው እሑድ ይሁን። የሚቃወም አለ?» የሚቃወም አልነበረም። አቶ ምንያህል ጉሮሯቸውን ሁለት ጊዜ ጠራረጉ፤ ሁለቱንም ጊዜ እርጎ ተቀዳላቸው።

ስንመለስ ሦስታችን ባጃጁ ኋላ ተጣበን፣ ኢያኤል ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ። አቶ ምንያህል ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው «ዛሬ በምን እንዳለቀ ልብ ብላችኋል?» አሉን።

«በምን?» አልኳቸው።

«በዝምታዬ። አይናገሩ ያለኝ ከተናገርኩ እንደሚሸነፍ ስላወቀ ነው። ዝም ስለው ጊዜ ደነገጠ፤ ሁሉንም በአንድ ምሳ ለቀቀው።»

«ጋሽ ምንያህል፣ አይናገሩ ያሉት እንዳይናገሩ ነው» አለ ደረሰ።

እንደ ሕመምተኛ በርኅራኄ አዩት።

ኢያኤል ከፊት ዞረ። አራት ዓመት ሳውቀው እንዲህ ረጋ ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። «ጋሽ ምንያህል፣ ሠርጉ ላይ እርስዎ ንግግር አያደርጉም» አላቸው።

አቶ ምንያህል በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝና ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«ሰማህ አይደል? ከአሁኑ መዘጋጀት አለብኝ።»